አልጋው የሰው ነው

ሰኞ ማታ

ዛሬ እማዬ በር ላይ አስቀረችኝ። ከሥራ ስመለስ ዝናቡ ይወርዳል፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ፣ ክፈቺልኝ።»

«ደወል ተደውሏል። ከደወል በኋላ የሚገባ ልጅ የለም።»

«እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ እኮ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

እማዬ የሴት ተማሪዎች አዳሪ ቤት ኃላፊ ሆና ነው ያረጀችው። ልጃገረዶቹ በሌለችበት «ደወሏ» ይሏት ነበር። ጡረታ ከወጣች ስንት ዘመኗ! ይሄ የመርሳት ሕመም ከጠናባት ወዲህ ግን ሳሎኔ አዳሪ ቤት ሆኗል፤ እኔም ከልጆቹ አንዷ ነኝ። በስሜ ከጠራችኝ ወራት አልፈዋል።

በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል «ሐኪም ቤት ተልኬ ነው የዘገየሁት» አልኳት።

«ወረቀትሽስ?»

ከቦርሳዬ የዳቦ ቤት ደረሰኝ አውጥቼ በፍርግርጉ ሰጠኋት። ገልብጣ አየችው፤ በብርሃን አየችው፤ ከፈተች። «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» አለችኝ።

ልብሴ እየተንጠባጠበ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሳቅ መሆኑ ቀረ።

ይህን ደብተር የሰፋሁት ራሴ ነኝ፤ ከተራረፉ ደብተሮች ባዶ ገጽ እየነቀልኩ። የልጅነት ልማዴ ነው። እኔ የደወሏ ልጅ ነበርኩ እንጂ ተማሪ አልነበርኩም፤ ፊደሉንም ጽሕፈቱንም የለቀምኩት ልጃገረዶቹ ቀደው ከጣሉት ላይ ነው። ግማሽ ግጥም፣ የካርታ ቁራጭ፣ መጨረሻው የሌለው ታሪክ። እስካሁንም የብዙ ነገር መጨረሻ አላውቅም።

ረቡዕ

ተቻኩያለሁ። ካውያው ሳይነቀል ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ጨርቁ ተቃጥሏል፤ ትንሽ ቢቆይ ጠረጴዛው ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት ብዬ ለራሴ ነገርኩ። እኔ አይደለሁም። ሱቅ ደግሞ ባለቤቶቹ ነገ የሚወስዷቸው ሱሪዎች አሉ።

ዓርብ

ሥራ ላይ ሳለሁ ጎረቤታችን ደወለች። ሰፈሩ «ሬድዮ» ይላታል፤ ዜና አያመልጣትም፣ ቢያመልጣት ራሷ ትሠራዋለች።

«ኧረ አንቺ እህቴ፣ እናትሽ በሩን ሊሰብሩት ነው!»

«ከውስጥ ይከፈታል፤ ቁልፉ እሷ ጋ ነው።»

«የምን ከውስጥ! ከውጭ ነው የተቆለፈው። ጓጉንቸሩ ይታየኛል፤ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሌባ ይሆን እንዴ የቆለፈባቸው?»

«ሌባ ይሆናል» አልኩ።

እንዲህ ብዬ መለስኩ። ባለሱቁ ቀና ብሎ አየኝ። ልብስ የምናስተካክልበት ሱቅ የሱ ነው፤ መለኪያው ከአንገቱ ስለማይወርድ «ሜትሩ» እንለዋለን። «ሂጂ» አለኝ፣ «ኮቱ ይቆያል።»

ስደርስ እማዬ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። የቀኝ እጇ አንጓ አብጧል። «እሳት ቢነሳ ልጆቹ በየት ይወጣሉ?» አለችኝ።

በር ነው። በር ይቆለፋል። ሰው የሚቆልፈው እንዳይጠፋበት የሚፈልገውን ነው።

ማክሰኞ

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ይናገራል። ቀን ቀን ማን አብሯት እንደሚውል ጠየቀኝ።

«ሰው አለ» አልኩ።

«እጃቸውስ?»

«የበሩ እጀታ ነው።»

ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ሕመሙ ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንደማይሄድ፣ የነርስ እርዳታና ቀንም ሌሊትም የሚጠብቃት ሰው እንደሚያስፈልጋት ነገረኝ። «መንከባከቢያ ቤት ቢያስቡበት» አለ። እኔ ስድብ የሰማሁ ያህል ተኮሳተርኩ። እፎይ ማለቴን ፊቴ ላይ እንዳያየው ነበር።

እሑድ

ለወንድሜ ደወልኩለት። ታላቄ ነው፤ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው።

«ጋሼ፣ እማዬን መጦሪያ ቤት ላስገባት አስቤ ነበር።»

«መጦሪያ? ልጅ እንደሌላት?»

«ልጅማ አላት። ሁለት።»

«ሰው ምን ይላል?»

ሰው አንሶላዋን አያጥብም። ይሄን አላልኩትም፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የመጣልኝ። ያልኩት «እውነትህን ነው» ነው።

«እኔ ጋ አመጣት ነበር፤ ግን ቤቱን ታውቂዋለሽ፣ ደረጃ ነው።»

የወንድሜ ደረጃ! ስንቱን እንግዳ አስቀርቶለታል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል ያን ደረጃ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ከአፌ የወጣውን ልጻፈው።

ሐኪም ቤት ከሄድን ወዲህ እማዬ ከቤት አልወጣም ብላለች። «ልጆቹን ለማን ጥዬ?» ነው መልሷ። መንከባከቢያ ቤቶቹን ብቻዬን ዞሬ ልይ ብል ደግሞ፣ እሷን ቆልፎባት መውጣት አሁን አይቻልም፤ ሬድዮ በመስኮቷ ቁጭ ብላ በራችንን ነው የምትጠብቀው። ልብሱንም ከሱቅ እያመጣሁ ቤት ነው የምሰፋው። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦

«አንዲት ትልቅ ሴትዮ ታማለች። የምትገባበት ማደሪያ ልንመርጥላት ነው። እኔ ስለ አልጋ ምን አውቃለሁ? አንቺ ብታይልኝ።»

ቀና አለች። ጀርባዋ ሲቃና አየሁት። «ጫማዬን አምጪ» አለች።

ታክሲው ውስጥ፣ «ሴትዮዋ ማናት?»

«የማውቃት ሰው ናት።»

«ስሟን እንኳ አትነግሪኝም?»

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

የመጀመሪያው ቤት መግቢያው ሆቴል ይመስላል። የላስቲክ አበባ፣ ፊት የሚያሳይ ወለል። ከረባት ያሰረ ሥራ አስኪያጅ ሶፋ ላይ ሊያስቀምጠን ሲል እማዬ አልቀመጥም አለች።

«ሽንት ቤቱ የት ነው?»

«መጠቀም ፈልገው ነው እናቴ?»

«ማየት ነው የፈለግሁት።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በኮሪደሩ ቀድማው ሄደች። ትራስ አንስታ አሸተተች፤ ፍራሽ ገልጣ ሥሩን አየች፤ የአንዲት አሮጊት እጅ ይዛ ጥፍሯን መረመረች።

«ይቺ ልጅ ጥፍሯ ከተቆረጠ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሠራተኞቻችን በየጊዜው...»

«ስንት ጊዜው ነው አልኩህ፣ አንተ ልጅ።»

አላወቀም። ስንወጣ፣ «ይሄ ለጠያቂ የተሠራ ቤት ነው፤ ለሚተኛበት አይደለም» አለችኝ።

ኮራሁባት። እንዲህ ሆና ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ኩራቱ ግን ቤት እስክንደርስ አልቆየም።

ቅዳሜ

ሁለተኛው ለቤቴ ቅርብ ነው፤ ከሱቁ በእግር ይደረሳል። ንጹሕ ነው። ጸጥ ያለ ነው። ሁሉም በየወንበራቸው ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ድምፁ ተዘግቷል። «እዚህ ማንም ማንንም አያስቸግርም» አለችን ተቆጣጣሪዋ። እኔ በልቤ ጨርሼ ነበር።

እማዬ በሮቹን ነበር የምታየው። አንዱን በጣቷ ነካችው።

«መወርወሪያው ከውጭ ነው።»

«ለደኅንነታቸው ነው እማማ፤ እየወጡ ይጠፉብናል።»

«እኔም የጠፋችብኝ ልጅ ነበረች» አለች እማዬ። «አጥር ዘላ። ፈልጌ አመጣኋት፣ ገረፍኳት፣ ከጎኗ ተኛሁ። ከውጭ ግን አልቆለፍኩባትም። ከውጭ የሚቆለፍበት ከብት ነው።»

ተቆጣጣሪዋ ወደ እኔ ዞራ ዐይኗን ጠቀሰችኝ፤ «እንዲህ ናቸው እንግዲህ፣ ምን ታደርጊያቸዋለሽ» ዓይነት። እኔም መልሼ ጠቀስኳት።

ለምን ጠቀስኳት?

ማታ የእጇን አንጓ በቅባት አሸሁላት። እብጠቱ ጎድሏል። «ጥሩ ልጅ ነሽ» አለችኝ፤ «የማን ልጅ ነሽ?»

ማክሰኞ ማታ

ሦስተኛው ቤት የአውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታ ላይ ነው። የግድግዳው ቀለም ተልጧል። ከበሩ ጀምሮ ጫጫታ ነው፤ ሁለት ሴቶች በአንድ ሻርፕ ይጓተታሉ፣ ሦስተኛዋ ትዘፍናለች፣ አንድ ሽማግሌ «ዝም በይ!» እያሉ በዜማው በጣታቸው ወንበሩን ይመታሉ። የሾርባና የሳሙና ሽታ አለ። ደስ አላለኝም።

ኃላፊዋ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት ነርስ ናት፤ ሰፊ፣ ቀስ የምትል ሴት። «የመድኃኒት ሰዓት ነው፤ እኔን ተዉኝና ራሳችሁ እዩ» ብላ ጥላን ሄደች።

እማዬ አንድ ጥግ ይዛ ቆመች። አንዲት አስታማሚ ለአንዲት ደካማ ሴት ሾርባ እያበላች ነበር። ማንኪያውን ይዛ፣ ሴትዮዋ እስክትውጥ፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሳህኑ እስኪያልቅ እማዬ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ተቀምጣ ነው የምታበላት» አለችኝ በሹክሹክታ። «አየሽ? ቆመው የሚያበሉ ሰዎች አሉ።»

እኔ ቆሜ ነው የማበላት። አንድ እግሬ ወደ በሩ።

ከዚያ አንድ ባዶ አልጋ ላይ ተቀምጣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። መስኮቱ ጓሮውን ያሳያል፤ ልብስ ተሰጥቷል።

«እዚህ ትግባ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ጫጫታውስ?»

«ይጣላሉ እኮ። ሰው የሚጣላው ገና ሲኖር ነው።» ፍራሹን ጫን ጫን አደረገችና፣ «ሴትዮዋ ልጅ የላትም?» አለች።

«አላት።»

«ታዲያ ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ደክሟት ነው።»

«እህ» አለች። «እንግዲህ የደከመ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ ሌላ ሰው መጠበቅ አይችልም። ታምጣት።»

በአውቶቡስ ስንመለስ እጄን ያዘችና በስሜ ጠራችኝ። ስሜን ብቻ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከአዳሪዎቹ መሐል በኔ ስም የምትጠራ አንዲት ልጅ ነበረች። እሷን ይሆናል።

እሑድ

ጋሼ ትናንት መጣ። ሳያስታውቅ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ። «እኔ በሕይወት እያለሁ እናቴ መጦሪያ አትገባም» ብሎ ከበሩ ጀመረ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ «እማዬ! የበኩር ልጅሽ መጣሁልሽ!» አለ።

እማዬ መጥረጊያ አነሳች።

«ወንድ! ሴቶች ማደሪያ ውስጥ ወንድ!»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«ጥበቃ! የት ሄደ ይሄ ጥበቃ?»

እስከ ግቢው በር አባረረችው። ብርቱካኑ ሁሉ መንገድ ላይ ተንከባለለ። ሬድዮ መስኮቷን ከፍታ፣ «ኧረ ይምሩት፣ ትልቅ ሰው ነው!» እያለች በሳቅ ሞተች።

ጋሼ ሆቴል አደረ። ዛሬ ጠዋት መጣና በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ትናንት ደህና ቀኗ ነበር።»

መጥረጊያው ግንባሩ ላይ የተወውን ጭረት ነካካው። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለሰው ግን እኔ ጋ ናት እንበል።»

እሺ አልኩት። ሁሉንም እሺ እላለሁ።

ረቡዕ

ሲስተር በእማዬ ልብስ ሁሉ ላይ ስሟ እንዲሰፋ አዝዛለች፤ አለዚያ በአጠባ ይቀላቀላል። እኔም ነጭ ጥብጣብ ቆራርጬ የእማዬን ስም በሰማያዊ ክር እየጠለፍኩ፣ በየቀሚሱ አንገትጌ ሥር መስፋት ጀመርኩ። ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። ይህን ሥራ ታውቀዋለች፤ በየዓመቱ መጀመሪያ የልጃገረዶቹን ሁሉ ልብስ እንዲህ ታደርግ ነበር።

«ስፌትሽ ጥሩ ነው፤ ማን አስተማረሽ?»

«አንቺ።»

«እውነት?» ደስ አላት። አንዱን ጥብጣብ አንስታ ወደ ዐይኗ አስጠጋችና ፊደል በፊደል አነበበችው። «የሴትዮዋ ስም ነው?»

«አዎ።»

«ይሄ ግን የኔ ቀሚስ አይደለም?»

«ልብስ የላትም፤ ካንቺ ልሰጣት ብዬ ነው።»

«ስጫት። ሰማያዊውንም ጨምሪላት፤ እሱ ይሞቃል።» ጥብጣቡን ደግማ አነበበችው። «የማውቃት ይመስለኛል» አለች።

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ደም ጥብጣቡን ነካውና ሌላ ቆረጥኩ።

ሰኞ

ገባች።

ውሸቱን አስረዘምኩት። «ሴትዮዋ እስክትመጣ አልጋዋን አንቺ ብትጠብቂላትስ? አደራ፣ ሌላ ሰው እንዳይዝባት» አልኳት። «አደራ» የሚለውን ቃል ማን አፌ ላይ እንዳስቀመጠው አላውቅም።

«ሥራ ነው?»

«ሥራ ነው።»

እንደዚያ ደስ ብሏት አይቼ አላውቅም። ሻንጣውን ራሷ ተሸከመች።

ሲስተር ወደ ጎን ስባኝ፣ «ምን ብለሻቸው ነው?» አለች። ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። «እኛ ውሸት አንጀምርም፤ ሌላ ሰው የጀመረውንም አንጨርስም። ዛሬ ግን ይሁን። አንቺም ልትወድቂ ነው የምትመስዪው።»

ሳልሰናበታት ወጣሁ። ሥራ ይዛ ነበር፤ ዘፋኟን አቁማ «እጅ!» ብላ ጥፍሯን እያየች። ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላገኝም ብዬ ነው። በጓሮ በር ወጣሁ።

ረቡዕ

ተኛሁ። ስነቃ ፀሐይ ነበር። ሻይ አፍልቼ ሳይቀዘቅዝ ጠጣሁት። ደስ አለኝ። ጻፍኩት፤ አልሰርዘውም።

ዓርብ

ሬድዮ፣ «እናትሽ ጠፉብኝ እኮ!»

«ወንድሜ ጋ ናት።»

«ያን ደረጃ በምን ወጡት?»

«አሳንሰር አስገባ» አልኩ።

አሳንሰር! አንድ ፎቅ ብቻ ያለው ቤት ውስጥ! ዐይኔን በጨው ታጥቤ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ፤ የኔው እያደር ይከብዳል።

እሑድ

የጠያቂ ቀን ነው። ዘነበ። አልሄድኩም።

ሰኞ

ብዙ ሥራ አለ።

ማክሰኞ

ሲስተር ስልኬ ላይ ደወለች። እጄ መርፌ ይዞ ነበር።

«ስልክሽ ይጮኻል» አለኝ ሜትሩ።

«ተሳስተው ነው።»

ጠመኔውን አንስቶ ጨርቁ ላይ መስመር አሰመረ። «ደጋግሞ የሚሳሳት ሰው የለም» አለ፣ ሳያየኝ።

ሐሙስ

ዛሬ በሱቁ ስልክ ደወለች። ሜትሩ አንስቶ አቀበለኝ።

«እናትሽ አልጋ ላይ አይተኙም» አለች ሲስተር።

«እንቅልፍ እኮ ዱሮም...»

«ስሚኝ። ከገቡበት ቀን ጀምሮ ወንበር ላይ ነው የሚያድሩት። አልጋውን ጠዋት ጠዋት ያነጥፉታል፤ እኛን እንኳ አያስቀምጡንም። ‹አልጋው የሰው ነው፤ ሴትዮዋ ትመጣለች፤ አደራ ነው› ይላሉ። እግራቸው አብጦ ጫማ እንቢ ብሏል። ቆዳው ሊቆስል ነው። አንስተን ስናስተኛቸው ይጮኻሉ። ብለን ብለን አልሰሙንም።»

«እኔ...»

«አደራውን የሰጠሻቸው አንቺ ነሽ። ነይና አንሺው።»

ሄድኩ። እማዬ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ አልጋው አንድ እጥፋት የለበትም። ስታየኝ ፊቷ በራ።

«መጣሽ! እሷስ?»

አፌን ከፈትኩ። «ነገ» አልኩ። «ነገ ትመጣለች።»

«ነገ ጥሩ ነው። ፀሐይ ከወጣ ፍራሹን አሰጣዋለሁ።»

እግሯን ነካሁት። ጣቴን ሳነሳ የጣቴ ጉድጓድ ቀረ። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች፤ መጥታ ከእማዬ እግር ሥር በርጩማ አስጠጋች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ማታ

ነገርኳት።

ክፍሉ ውስጥ ዘፋኟ ነበረች፤ በሻርፕ የሚጣሉት ሁለቱም ነበሩ። እንዲወጡልኝ ልለምን አሰብኩና አፈርኩ። ጎንበስ ብዬ ከወንበሯ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«እማዬ፣ ሴትዮዋ መጥታለች።»

«የታለች?»

«አንቺ ነሽ።»

አልጋውን አየች። እኔን አየች።

«እኔ?»

«አንቺ። አልጋው ያንቺ ነው። ታመሻል እማዬ፤ ትረሻለሽ። ያን ቀን የመረጥሽው ለራስሽ ነው።»

«ዋሽተሽኛል።»

«ዋሽቼሻለሁ።»

ዘፋኟ ዘፈኗን አቋረጠች።

«ልጅቷስ? ልጅ አላት ብለሽኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ዘግይታ የመጣች ልጅ እንደምታይ። እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር። «ካልሲዬን አውልቂልኝ» ብቻ አለች። አወለቅሁላት። እግሯን በሁለት እጄ ይዤ ወደ አልጋው አነሳሁላት። ወደ ግድግዳው ዞረች።

«መብራቱን አጥፊው» አለች። ገና አልመሸም፤ የበራ መብራትም አልነበረም።

ቅዳሜ

ሲስተር ደወለች። እማዬ ጠዋት ተነስታ አልጋውን አነጠፈች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ «ሴትዮዋ መቼ ነው የምትመጣው?» አለች። የነገርኳትን ረስታዋለች። አደራውን አልረሳችም።

«እናንተ ብትነግሯትስ?» አልኩ።

«ሞከርን። ‹የሰጠችኝ ልጅ ትንገረኝ› ይላሉ።»

ስለዚህ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ መሄድ ነው።

ሰኞ

ነገርኳት። «ዋሽተሽኛል» አለች። ተኛች።

ማክሰኞ

ነገርኳት። አለቀሰች።

ረቡዕ

ነገርኳት። ሳቀች። «እኔው ነኝ? አይ ጉድ!» መሳቋ ከማልቀሷ ባሰብኝ። ዘፋኟ ገና በኮሪደሩ ስታየኝ «ነጋሪዋ መጣች!» ትላለች፤ ሁሉም ዝም ብለው ይሰማሉ። እናቷን ያስገባች ልጅ እንዴት እንደምትናገረው በየማታው የሚሰሙ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ዓርብ

እግሯ ጎድሏል፤ ጫማዋ ገባ።

ነገርኳት። «ልጅቷ ምን ሆነች?» አለች።

«ደክሟት ነው።»

«አሁንም?» አለች።

እሑድ

አውቶቡስ ውስጥ ሬድዮ ከጎኔ ተቀመጠች። «ማታ ማታ ወዴት ነው እህቴ?»

ስንት ነገር አፌ ላይ መጣ። «እናቴ ጋ» አልኩ። «መጦሪያ ቤት ናት። እኔ ነኝ ያስገባኋት።»

ድምፄን አልመጠንኩትም መሰል፣ ከፊታችን ያሉት ዞሩ። ሬድዮ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች፤ እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ ቀስ ብላ፣ «አሳንሰሩስ?» አለችኝ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ በጣም ዘግይቼ ደረስኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሲስተር ናት። «አውቶቡሱ ነው» አልኳት። በኮሪደሩ እየሮጥኩ ገባሁ፤ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ትጠብቀኛለች ብዬ።

ወንበሩ ባዶ ነበር። እማዬ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ድረስ ለብሳለች።

«ቀስ» አለችኝ ዘፋኟ ከአልጋዋ። «ነግረናታል።»

«ማን?»

«እኛ ነና። ስትቀሪ ጊዜ። ‹የሰጠችኝ ልጅ ትንገረኝ› ብላ ነበር፤ እኔ እንዳንቺ አደረግሁ። እንዳንቺ ጎንበስ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ‹እማዬ፣ ሴትዮዋ መጥታለች› አልኳት። በየማታው ሰምተነው የለም እንዴ፣ እንደ ዘፈን ይዘነዋል።»

«አለቀሰች?»

«የለም። ‹ልጅቷስ ምን ሆነች?› አለች። እሷን ነገር አታልፋትም እኮ!»

«ምን አላችኋት?»

የመለሰችው በሻርፕ ከሚጣሉት አንዷ ናት፤ ከዚህ በፊት ቃል ተናግራኝ አታውቅም። «‹መንገድ ላይ ናት፤ እየመጣች ነው› አልናት። ሌላ ምን እንላለን? ‹እሺ› ብላ ተኛች።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን ሰማሁ። ዘፋኟ፣ «አውቶቡስ ነው አይደል ያስቀረሽ?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኳት።

«እየመጣች ነው» ባሏት ሰዓት እየመጣሁ አልነበረም። ሜትሩ ሄዶ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ እኔ ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ሰፍቼ የጨረስኩትን የኮት እጅጌ፣ ሥራ እንዲኖረኝ ብዬ፣ ክሩን መልሼ እየፈታሁ።